የሉባባ ጆሮ

ደሴ ጭጋግ ነው። ጦሳ ተከናንቧል፤
ሰው ሁሉ ጃኬቱ ውስጥ ገብቷል።
እኔም እንደ ሰው፣ ዚፔ እስከ አገጬ።
ለብርዱ ይመስላቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ፣
“ኮምቦልቻ! የቀረው አንድ ሰው!”
ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚጎድለው መኪና፤
ያ የጎደለው እኔ ነኝ፣ ገብቼ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ።

ሐረጎ ላይ መንገዱ ይጠማዘዛል።
በየኩርባው መኪናው ይወርዳል፣
ሙቀቱ ይወጣል።
በመጀመሪያው ዚፔን እስከ ደረቴ፣
በሦስተኛው አንድ ክንዴን፣
ቦርከና ብቅ ሲል ጃኬቱ ጭኔ ላይ ነው።
ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር፤
አተነፋፈሴ ግን ድንበር የተሻገረ ሰው ነው።

ታላቅ ወንድሜ ስልኬን አገኘ።
ያነበበው ሁለት ቃል ነው፦
“ደረስክ? በላህ?”
ሌላ ምንም የለውም።
ግን የላኪው ስም የወንድ ነው፣
ሰዓቱም ሌሊት ነው።

እናቴ ወደ ጠበሉ፣ አባቴ ወደ ሼሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ
ዶሮው በማን እጅ ይታረድ በሚለው ያልተስማሙ፣
በኔ ላይ ባንድ ሌሊት ተስማሙ።

ላኪው ታዘባቸው ነበር።
የሥነ ዜጋ መምህራችን
“ዜጋ ማለት ምን ማለት ነው? ማን ይመልሳል?” ሲል
አንገቱን ደፍቶ ሳቁን የሚውጥ።
እርስ በርሳችን የምንጠራራበት ስም ነው፤
ማን እንዳወጣው አናውቅም፣
ቀበሌ መታወቂያ ላይ የማይጽፈው።
አንድ ቀን መምህሩ እንደኛ ባሉት ቀለደ።
ክፍሉ ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ ቀድሜ።
ታዘባቸው ዞሮ አየኝ።

ሰኞ ገበያ ጓሮ ደበደቡት፤
ጥርሱን ለቅሞ ሄደ።
ጅቡቲ ነው ይላሉ። አይደለም የሚሉም አሉ።

ሉባባ የአባቴ እህት ናት።
ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሽመና ክፍል፣ ሃያ ስድስት ዓመት።
ማሽኑ ጆሮዋን በላው፤
ጡረታ ሲያስሉላት ጆሮውን የቆጠረ የለም።
የምትኖረው ግቢ ግድግዳው ስስ ነው፦
ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ ቤት “ይማርህ” ይባላል።

ልነግራት የመጣሁ ቀን አፌ ደረቀ።
በሹክሹክታ ነገርኳት።
“ምን?” አለች።
ትንሽ ጎላ አድርጌ።
“ምን?”
ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮው ዝም አለ።
ላቤ ወረደ።
ያን ነገር ጮኬ ልበለው?

ተነሳች፤ በሩን ዘጋች፤
ፊቴን በሁለት መዳፏ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው።
“ድምፅህን ተወው።
ያ ሁሉ ማሽን ሲጮህ ማን ማንን ይሰማል?
በከንፈር ነበር የምንነጋገረው፤
ማን እንዳረገዘች፣ ማንን ባሏ እንደመታት፣
አለቃው አጠገባችን ቆሞ።
በል።”

አልኩ።
የከበደኝ ቃል ከከንፈሬ ወጣ
አየሩን ሳይነካ።

ዝም አለች። ረጅም ዝምታ።
ክር ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል፣
ጫፍ ከጫፍ ይቋጠራል፣
ጨርቁ አይጣልም፣
ብላኝ አታውቅም፤ ይህ የኔ ሐሳብ ነው።
እሷ ያለችው፦
“በላህ?”

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ነገሩ ገብቷታል አልልም።
“እኔ አልገባኝም፣ የፈጠረህ ይገባዋል” ትላለች፣
ሌሊት ዱአ ታደርጋለች፤
ምን ብላ እንደሆነ አልጠይቃትም።
ለአባቴ ግን ደወለች፦
“ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ላክልኝ፤
የጡረታ ወረቀቴን የሚያነብልኝ የለም።”
ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው።
ይኸው ስምንት ወር አነበብነው።

ማታ ስሸኝ ከበሩ ላይ
ያለ ድምፅ “አብሽር” ትለኛለች።

ሐረጎ ላይ ብርዱ ይመለሳል። ዚፔ ይመለሳል።
ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፣
ጭጋጉ መስታወቱን ይላሰዋል፤
ከንፈሬን ቀስ አድርጌ፣ ረዳቱ ሳያየኝ፣
የሚያነብ ካለ፣ እስከ ባሕሩ ድረስ፦
ደረስክ?
በላህ?